ድድ ሲደማ መፋቂያ አይጣልም

(በራዲዮ ፕሮግራማችን የጤና ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)

የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችን በሽታ ነው ብለን የማንቆጥረው ችግር ነው። እርሱም የድድ በሽታ ነው። ጥርስ ሲያመን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለሚነሳን በማግስቱ ሐኪም ፍለጋ እንወጣለን። ድድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይደማል እንጂ አያምም። ስለማያምም ዓመታትን ዝም ብለነው እናሳልፋለን። ዝምታው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

ነገሩን ከአንድ ታሪክ እንጀምር። ሰርቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ቡና በመነገድ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳንጠራ ለምነውናል፤ ታሪካቸውን ግን «ሌላው ይማርበት» ብለው ፈቅደውልናል።

እኚህ አባት ከዓመታት በፊት ጠዋት ጠዋት ሲፍቁ መፋቂያቸው ላይ ደም ማየት ጀመሩ። «እንጨቱ ድዴን አቆሰለው» ብለው መፋቁን ተዉት። መፋቁን ሲተዉ ደሙን ማየትም ቀረ፤ የዳኑም መሰላቸው። ውሎ አድሮ ግን የአፋቸው ጠረን ተለወጠ። ይህን መጀመሪያ ያወቁት ባለቤታቸው ነበሩ። ነገር ግን እንዴት ብለው ይንገሯቸው? ኋላ ላይ እርሳቸውም ተረዱት። ሰው ሲያነጋግሩ አፋቸውን በእጃቸው መሸፈን፣ ሲሳሳሙ ፊታቸውን ዘወር ማድረግ ለመዱ። መስጊድ ሲሄዱ ከሰፉ ዳር ይቆሙ ጀመር። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ጠረኑ ሰጋጆችን እንዳያስቸግር የተላለፈውን ትምህርት ያውቃሉና፣ በመጨረሻ ከጀማዓ ቀርተው በቤታቸው መስገድ ያዙ። ሰው ምነው ጠፉ ሲላቸው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላሉ።

በጅማ ትምህርት ላይ ያለችው ልጃቸው ለዒድ ወደ ቤት ስትመጣ አባቷ ሥጋውን ወደ ጎን ሲያደርጉ አየች።

«አባዬ፣ ምነው ሥጋውን ተዉት?»

«ጥርሴ አርጅቷል ልጄ፣ ይነቃነቃል።»

«በሃምሳ ዓመት ጥርስ ያረጃል እንዴ? ነገ አብረን ጅማ እንሄዳለን።»

ሄዱም። እዚያ ምን እንደተደረገላቸው ከጨረስን በኋላ እንመለስበታለን። በቅድሚያ ግን በሽታው ምን እንደሆነ እንመልከት።

የድድ በሽታ እንዴት ይጀምራል?

የጅማና የአካባቢው ገበሬ የቡና ተክል ሥሩ በአፈር ካልተሸፈነ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቅጠሉ ለጊዜው ለምለም ሊመስል ይችላል፤ ጎርፍ አፈሩን እየሸረሸረ ከወሰደው ግን ግንዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይወድቃል። ጥርስም እንደዚሁ ነው። ከላይ የምናየው ነጩ ክፍል የጥርሱ ከፊል ብቻ ነው። ሥሩ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሏል፤ በአጥንቱና በሥሩ መካከል የሚያያይዙ ጥቃቅን ክሮች አሉ፤ ከላይ ደግሞ ድድ ይሸፍነዋል። የድድ በሽታ ማለት ይህ ጥርስን አቅፎ የያዘው ክፍል መታመሙ ነው። ስለዚህ ምንም ያልተበላ፣ ያልተቦረቦረ ነጭ ጥርስ በድድ በሽታ ምክንያት ሊነቃነቅና ሊወልቅ ይችላል።

በአፋችን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባክቴሪያ ዓይነቶች ይኖራሉ። እነዚህ ተህዋስያን በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ ተጣብቀው ስስ፣ የሚያሟልጭ ሽፋን ይሠራሉ። ሐኪሞች ፕላክ ይሉታል። ጠዋት ስንነሳ ጥርሳችንን በምላሳችን ስንነካው የሚሰማን ልስላሴ እርሱ ነው። በየዕለቱ ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ያሉ ማዕድናት እየገቡበት ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ይህ ታርታር የሚባለው ሲሆን ቀለሙ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። ከጠጠረ በኋላ በመፋቂያም ሆነ በቡሩሽ አይወጣም።

ሰውነታችን ይህን የተህዋስያን ክምችት ለመዋጋት ወደ ድዱ ብዙ ደም ይልካል። ድዱ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሲነካም ይደማል። እንግዲህ ደሙ የሚመጣው ስለተፋቀ አይደለም፤ ሳይፋቅ ስለቆየ ነው።

ይህ እንዲሁ የተባለ ሳይሆን በሙከራ የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ከዚያም እንደገና ማጽዳት ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤንነቱ ተመለሰ። የሰርቦው አባት መፋቂያቸውን በጣሉ ጊዜ ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነበር። መድኃኒቱን በሽታ ነው ብለው ጣሉት።

ሁለቱ ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ የድድ ብግነት ሲሆን ሐኪሞች ጂንጂቫይተስ ይሉታል። በዚህ ደረጃ የታመመው ድዱ ብቻ ነው፤ አጥንቱ አልተነካም። ክምችቱ ከተወገደና በየቀኑ በሚገባ ከተጸዳ ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ሁለተኛው ደረጃ ፔሪዮዶንታይተስ ይባላል። ብግነቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱን የያዙትን ክሮችና አጥንቱን ያጠፋል። ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጠራል፤ በኪሱ ውስጥ ተህዋስያን ይደበቃሉ፤ ኪሱም እየጠለቀ ይሄዳል። በዚህ ደረጃ የጠፋ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ሕክምናው በሽታው ባለበት እንዲቆም ያደርጋል፤ የቀረውንም ያድናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በሁሉም ሰው ላይ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው አያልፍም። ማን ላይ እንደሚያልፍ ግን አስቀድሞ ስለማይታወቅ መጠበቅ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በከባድ የድድ በሽታ እንደተያዙ ገልጿል።

በቤታችን ልናስተውላቸው የሚገቡ ምልክቶች

1. ስንፍቅ፣ ቡሩሽ ስንጠቀም ወይም ጠንካራ ነገር ስንበላ ድድ መድማት፤ ጠዋት ትራስ ላይ የደም ነጠብጣብ መገኘት።

2. ድድ ማበጥ፣ መቅላት፣ መለስለስ።

3. በመፋቅ የማይለቅ የአፍ ጠረን።

4. ድድ ወደ ኋላ መሸሽና ጥርስ የረዘመ መምሰል።

5. በጥርሶች መካከል አዲስ ክፍተት መፈጠር፣ የፊት ጥርስ ወደ ውጭ መግፋት።

6. ድድ ሲጫኑት መግል መውጣት።

7. ጥርስ መነቃነቅ፣ ሲያኝኩ የተለየ ስሜት መኖር።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉን። አንደኛ፣ ብዙዎቻችን በተፈጥሮ ድዳችን ጠቆር ያለ ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ እናቶቻችን ለውበት ወይም ድድ ያጠነክራል በሚል ተነቅሰውታል። በእንዲህ ያለ ድድ ላይ መቅላቱ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን መድማቱንና ማበጡን እንመልከት። ንቅሳት ድድን አያክምም፤ ሰዎች በጋራ የሚነቀሱበት መርፌም የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ድዱ ቢታመምም ብዙ ላይደማ ይችላል። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ደሙን ይደብቀዋል። አለመድማቱ ጤነኛ ነኝ ብሎ እንዲዘናጋ አያድርገው።

ሐኪም ዘንድ ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ብዙ ሰው የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድን የሚፈራው «ይነቅሉብኛል» ብሎ ነው። የድድ ምርመራ ግን መንቀል አይደለም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? ያጨሳሉ? የስኳር በሽታ አለብዎት? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ነፍሰ ጡር ነዎት? እነዚህን ጥያቄዎች ሳንደብቅ መመለስ አለብን። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድድን ያሳብጣሉ። ሆኖም ማንም ሰው መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ የለበትም፤ ሐኪሙ ካመነበት ይለውጥለታል።

ቀጥሎ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ በሚሊ ሜትር ምልክት የተደረገበት ቀጭን የብረት መለኪያ በድድና በጥርስ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባል። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በ6 ቦታ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነና ካልደማ ጤነኛ ነው። 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኪስ ተፈጥሯል ብሎ ይጠረጥራል፤ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠልቋል ማለት ነው። ጥርሱ መነቃነቁንም ይፈትሻል። አስፈላጊ ከሆነ በራጅ አጥንቱ ምን ያህል እንደወረደ ያያል። እንደ ሁኔታው የደም ስኳር ምርመራም ያዛል። መድማቱ ከድድ ክምችት ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ ወይም በቆዳ ላይ ደም መቋጠር፣ ትኩሳትና የድካም ስሜት ካለ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የቫይታሚን ሲ እጥረትና አንዳንድ የደም በሽታዎችም በድድ መድማት ሊገለጡ ይችላሉና።

ሕክምናውስ?

የሕክምናው ዋና ክፍል ማጽዳት ነው። በተለምዶ ጥርስ ማሳጠብ የምንለው ሲሆን ሐኪሙ በእጅ መሣሪያ ወይም በሚርገበገብ መሣሪያ ከድድ በላይ ያለውን ታርታር ያነሳል። ኪስ ካለ ደግሞ በማደንዘዣ አደንዝዞ ከድዱ ሥር ገብቶ ሥሩን ያጸዳል። እንደ በሽታው ስፋት ከአንድ ቀን በላይ መመላለስ ሊጠይቅ ይችላል። በተጨማሪም በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጸዳ ያስተምራል። ይህ ትምህርት ከሕክምናው ተለይቶ መታየት የለበትም። ዛሬ የታጠበ ጥርስ ነገ ካልተፋቀ ክምችቱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

ከ3 ወር ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል። ኪሱ ከቀነሰና መድማቱ ከቆመ ክትትል ብቻ ይቀጥላል፤ ይህም እንደ ሁኔታው በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ነው። ጥልቅ ኪስ ከቀረ ድዱን ከፍቶ ማጽዳት ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ሊድን የማይችል ጥርስ ይነቀላል።

ስለ አንቲባዮቲክ አንድ ነገር እንናገር። ድዳችን በደማ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ካፕሱል እየገዙ ሁለትና ሦስት ቀን መዋጥ በብዙ ቤት ይታያል። መድኃኒቱ የጠጠረውን ታርታር አያነሳም። ለጥቂት ቀን ቀለል ቢልም ምንጩ እዚያው ስላለ በሽታው ይመለሳል፤ ተህዋስያኑም መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉ። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ትኩሳትና የሚዛመት እብጠት ሲኖር፣ እንዲሁም ድዱ የሚሞትበት ከባድ ሁኔታ ሲከሰት በሐኪም ትእዛዝ ነው።

የት እንሂድ ለሚለው፣ የሰርቦና የአካባቢው ነዋሪ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየትና ወደሚቀጥለው ሪፈር ማጻፍ ይችላል። በጅማ ከተማ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጥርስ ሕክምና ክፍል አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የየቡና የሰቃ ወገኖቻችንም ወደ ጅማ ለሌላ ጉዳይ በሚመጡበት ቀን ይህንንም ጉዳይ አብረው ቢይዙት መልካም ነው።

ከድድ አልፎ የሚሄደው ጉዳት

የድድ በሽታ ጉዳት በአፍ ብቻ አይወሰንም። ማኘክ ያቃተው ሰው ሥጋውን፣ ቆሎውን፣ ጥሬ አትክልቱን ይተዋል፤ ምግቡ እየተመረጠ አቅሙ ይቀንሳል። በጠረኑ የሚሳቀቅ ሰው ከሰው ይርቃል። ባልና ሚስት መካከል ሳይነገር የሚቆይ ቅሬታ ይፈጥራል። ይህን ጉዳት በሚሊ ሜትር መለካት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ከስኳር በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ግንኙነቱ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ስኳሩ ያልተቆጣጠረ ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፣ ቁስሉም አይሽርም። የድዱ ብግነት ደግሞ በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 35 ጥናቶችን አጠቃልሎ እንዳሳየው፣ የስኳር ሕመምተኞች ድዳቸው ሲታከም የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር መለኪያቸው ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በአማካይ 0.43 ከመቶ ነጥብ ይቀንሳል። ይህ የስኳር መድኃኒትን አይተካም፤ ነገር ግን ቀላል የማይባል እገዛ ነው። ስለዚህ የስኳር ክትትል ያላችሁ ሁሉ ድዳችሁንም አስመርምሩ። ድዳችሁ ያለ ምክንያት የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ስኳራችሁን ተለኩ።

የልብና የደም ሥር በሽታም በድድ ሕመምተኞች ላይ በብዛት እንደሚታይ ጥናቶች ያመለክታሉ። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድዳቸው በቀላሉ ይደማል። «ልጅ ስወልድ ይተወኛል» ብሎ ማጽዳትን መተው ስህተት ነው። ጥርስ ማሳጠብ በእርግዝና ወቅት አይከለከልም፤ እርጉዝ መሆንዋን ለሐኪሙ መንገር ብቻ ይበቃል።

ስለ ጫት ሳናነሳ ብናልፍ አካባቢያችንን የማናውቅ እንመስላለን። ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ባይሰጡም ቅጠሉ ለሰዓታት በሚያዝበት ጉንጭ በኩል ድድ መሸሹ ተዘግቧል። አፍ ይደርቃል፤ አብሮ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ጥርስን ያበላሻል፤ ሲጋራም ከታከለበት ጉዳቱ ይደራረባል።

ለሕፃናት የተለየ ጥንቃቄ

ወላጆች ሆይ፣ ይህን በጥሞና ስሙን። ኖማ የሚባል በሽታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ወይም ከኩፍኝና ከወባ ያገገሙ ሕፃናትን ያጠቃል። የሚጀምረው በድድ ላይ በሚወጣ ቁስል ነው። በቀናት ውስጥ ጉንጭንና የፊትን አጥንት ይበላል። ሳይታከም ከቀረ ከሚያዙት እስከ 90 ከመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ የተረፉትም ፊታቸው ተበላሽቶ ይኖራሉ። አገራችንም በሽታው ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። ደስ የሚያሰኘው ግን በመጀመሪያው ደረጃ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ መዳኑ ነው። የልጃችሁ ድድ ከቆሰለ፣ ከሸተተ፣ ጉንጩ ካበጠ ወይም ድዱ ከጠቆረ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከታመመ ሕፃን ድድ ላይ «ግግ» ነው ብሎ ጥርስ ማስወጣትም ኢንፌክሽንና የደም መፍሰስ ያስከትላልና ይቅር።

ሲዋክና ቡሩሽ

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ መጠቀምን ያዙ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሌሊት ሲነሱም አፋቸውን ይፍቁ ነበር። እንግዲህ ሙስሊም ቤተሰብ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። የጎደለን አፈጻጸሙ ነው። ብዙዎቻችን የፊት ጥርሳችንን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸት አድርገን መፋቂያውን ኪሳችን እንከታለን።

በመፋቂያ ስንጠቀም ጫፉን አኝከን እንደ ቡሩሽ ለስላሳ እናድርገው። ወይራም ይሁን ክትክታ ወይም ከሒጃዝ የሚመጣው አራክ፣ ንጹሕና እርጥብ ይሁን። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ ቀስ አድርገን፣ ከውጭም ከውስጥም፣ ከመንጋጋም ጭምር እናዳርስ። ያለቀውን ጫፍ ቆርጠን አዲስ እናውጣ። አንድን መፋቂያ ሁለት ሰው አይጠቀምበት።

ቡሩሽ የምንጠቀም ለስላሳውን እንምረጥ። ወደ ድዱ ጋደል አድርገን፣ ሳንጫን፣ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ለ2 ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ጊዜ እንፋቅ። ከሁለቱ አንዱ ከመኝታ በፊት ይሁን። በጥርሶች መካከል ያለውን በጥርስ ክር ወይም በትንንሽ ቡሩሽ ማጽዳት ይጠቅማል። ስቴኪኒ የምንጠቀም ድዱን እንዳንወጋ እንጠንቀቅ። ከሰልና አመድ ጥርስን ይፍቃሉ፤ ድድንም ይጎዳሉ።

ውዱእ ስናደርግ መጉመጥመጣችን የምግብ ትርፍራፊን ያወጣል። የተጣበቀውን ፕላክ ግን ውኃ ብቻውን አያነሳውም፤ መፋቅ ያስፈልጋል።

ከአድማጮች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያሳሳል፣ ያነቃንቃልም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ታርታር በጥርሶች መካከል እንደ ጭቃ ሞልቶ የተነቃነቀውን ጥርስ ደግፎ ይይዛል። ሲነሳ ክፍተቱ ይታያል፤ ያበጠው ድድ ሲቀንስም ጥርሱ የረዘመ ይመስላል። ለተወሰነ ጊዜ ቀዝቃዛና ትኩስ ነገር ሊጠዘጥዝ ይችላል፤ እየቀነሰ ይሄዳል። መነቃነቁን ያመጣው በሽታው እንጂ ማጽዳቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ በረመዳን ጾመኛ ሆኜ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከስሑር በኋላና ከኢፍጣር በኋላ በሚገባ ማጽዳት ጾሙን ሳይነካ ሁለቱን ጊዜ ያሟላል። ለሕክምና ቀጠሮ ካላችሁ ከመግሪብ በኋላ ወይም ከረመዳን በፊት እንዲሆን ሐኪሙን ጠይቁ። አጣዳፊ ከሆነ ግን ሳታዘገዩ ታከሙ፤ የጾሙን ሁኔታ ደግሞ የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ድዴ ሲደማ ውዱኤ ይበላሻል ወይ? በዚህ ምክንያት ሶላት ላይ ሁሌ እጨነቃለሁ።

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ መዝሀቦች የተለያየ አቋም ስላላቸው ዑለማዎቻችንን ጠይቁ። እኛ በጤናው በኩል የምንለው፣ ጭንቀቱን ከሥሩ ለማጥፋት ድዱን መታከም ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጨው ውኃ ይጠቅማል?

መልስ፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ ስሜቱን ያቀልላል። ሕክምናውን ግን አይተካም። አስፕሪን ድድ ላይ ማድረግ ያቃጥላል፤ አታድርጉት።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችንም እናስታውስ። ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ መክፈት ካቃተ፣ ትኩሳት ካለ፣ ደሙ አልቆም ካለ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። በአፍ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስልም መታየት አለበት።

ማጠቃለያ

ወደ ሰርቦው አባት እንመለስ። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይነሱ እንደሆነና ውኃ ይጠማቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ሁለቱም ነበረባቸው። የደም ስኳራቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ያወቁት በድዳቸው ሰበብ ነው። ድዳቸው በተለያየ ቀን ታጠበ፣ የስኳር መድኃኒትም ጀመሩ። ሁለት ጥርሳቸው ግን አጥንቱ አልቆ ስለነበር ተነቀለ። ሌሎቹ ቆመዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሲፍቁ ደም ሲያዩ ሊያቆሙ ነበር፤ ልጃቸው በስልክ እየደወለች «አባዬ፣ እንዳያቆሙ» ትላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ደሙ እየቀነሰ ጠፋ። በመጨረሻ ስንጠይቃቸው ያስደሰታቸው ሥጋ መብላታቸው አልነበረም። ወደ ጀማዓ ተመልሰው ከሰፉ መካከል መቆማቸው ነበር።

ባለቤታቸው ግን አንድ ነገር ቆጭቷቸዋል። «ያኔ ሳውቅ ብነግራቸው ኖሮ ሁለቱ ጥርሶች ይተርፉ ነበር» ይላሉ። ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የቤተሰባችንን አባል ጠረን ስናውቅ ከሰው ሳንቀላቅል፣ በለዘበ ቃል እንንገረው። ድዳችን ሲደማም መፋቂያውን ሳንጥል በየዋህነት ማጽዳታችንን እንቀጥል፤ በ2 ሳምንት ካልተወን ሐኪም እንይ።

አላህ ለበሽታ ሁሉ ፈውስን ያወረደ ጌታ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ የኛ ድርሻ ነው። የታመሙትን ሁሉ አላህ ያሽርልን፣ ለጤነኞቹም ጤናቸውን ያቆይልን። እስከ ሳምንት ቸር ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።